ታይታለች

ይህ ታሪክ የሆነ ነው። ማስረጃ አምጪ የሚለኝ ካለ... አላመጣም። ማስረጃ ይዤ በየቢሮው ስዞር ማንም ገልጦ አላየልኝም። አሁን ደግሞ እናንተን ልለምን? አልለምንም። ማመን አለማመን የራሳችሁ ነው።

በሌሊት አልሆነም። መብራት አልጠፋም። ነፋስ በር አላንኳኳም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ የጠረጴዛውን አቧራ ሳይቀር ታሳያለች። ከበሩ ውጭ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ያልፋሉ።

ክፍሉ ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበርን።

ሰባት... ብዬ ነው የቆጠርኩት።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ «የተማሪዎች የጤናና የደህንነት ድጋፍ ማዕከል» የሚባል ቤት አለ። ስሙ ረጅም፣ አገልግሎቱ አጭር። በሩ ላይ የምትስቅ ልጅ ፎቶ ተለጥፏል፤ ከሥሯ «አንቺን ለመስማት እዚህ አለን» ይላል። እኔ እዚያ ቤት ካርድ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያቺን ፎቶ ልቀድዳት ያልፈለግሁበት ቀን የለም።

ሥራዬ ቀላል ነው። ተማሪው በመስኮቴ መታወቂያውን ይሰጠኛል። ካርዱን ከመደርደሪያ አውጥቼ እሰጠዋለሁ። ሲስተር ግፊቱንና ክብደቱን ትለካለች፤ ከዚያ ሐኪሙ ዘንድ ይገባል። ሲጨርስ ካርዱን ይመልስልኛል፤ እኔ ቀን ያለበት ማኅተም እመታበታለሁ።

ሁለት ማኅተም አለኝ። ለወንድ «ታይቷል»። ለሴት «ታይታለች»።

በወር መጨረሻ ማኅተሞቹ ይደመሩና «ማዕከላችን ይህን ያህል ተማሪ አየ» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ይጨበጨባል።

ሐኪሙም የማዕከሉ ኃላፊም አንድ ሰው ነው። በጽሑፌ ሁሉ «እሱ» እለዋለሁ። «እሳቸው» የሚለው ቃል ለእሱ ከአፌ አይወጣም፤ ብትቀየሙም ተቀየሙ።

ተማሪዎቹ «ቀጣይ» ነበር የሚሉት። ለምን መሰላችሁ... ሰው ሲገባ ከካርዱ ላይ ዓይኑን አያነሣም። «ፈተና ደርሷል አይደል? ጭንቀት ነው። ውሃ ጠጪ። ቀጣይ!» እግሩን ኳስ ሜዳ ላይ የተሰበረ ልጅ ሳይቀር ጭንቀት ነው ተብሎ እያነከሰ ወጥቷል።

አንድ ጠዋት መስኮቴ ላይ መጣ።

«ከዛሬ ጀምሮ ማኅተሙን አስቀድመሽ ምቺ።»

«ሳይታዩ?»

«ይታያሉ እኮ። ወረፋው እንዲፈጥን ነው።»

«ያልታየን ሰው ታይቷል ብዬ አልመታም። ውሸት ነው።»

«አንቺ ሴትዮ» አለኝ፤ ያኔም ዓይኑን ከስልኩ አላነሣም። «የተማርሽው ሕግ ነው፣ የምትሠሪው ካርድ ክፍል። የትኛው እንጀራሽ እንደሆነ ለዪ።»

አራት ገጽ ደብዳቤ ለበላይ አካል ጻፍኩ። መልስ የለም። ስድስት ገጽ ጻፍኩ። በማዕከሉ «አቤቱታ» የሚል ስም ወጣልኝ። ሦስተኛው ላይ ከሥራ እንደምነሣ በቃል ተነገረኝ።

መታሁ።

አልደብቃችሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሳይታይ ታይቷል እያልኩ መታሁ።

ታናሽ እህቴ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበረች። የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ናት፤ አዝዬ ያሳደግኳት። አንድ ሰኞ መስኮቴ ላይ ደረቷን ይዛ ቆመች።

«እታለም... ደረቴን ያፍነኛል። ደረጃ ስወጣ ውስጤ ያፏጫል።»

«ካርድሽን ያዢና ተራሽን ጠብቂ።»

«አንቺ ብትነግሪው እኮ...»

«በዘመድ አላሠራም። እነዚህ የተቀመጡት እናት የላቸውም?»

በዚህ ንግግሬ ኮርቼ ነበር። ማታ ራት ላይ ለእናታችን አውርቼላታለሁ።

«ታይታለች» ብዬ መታሁላት። ገባች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላት ወጣች። «ጭንቀት ነው አለኝ» ብላ ሳቀች።

ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ሦስት ጊዜ ካርዷን አየ።

በአራተኛው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። እሱ ምሳ ወጣ። ከምሳ መልስ ስብሰባ ገባ። የምን ስብሰባ በሉኝ... የተማሪዎች ደህንነት ሳምንትን ለማክበር። አሥር ሰዓት ላይ እህቴ ካርዱን መለሰችልኝ።

«ነገ እመጣለሁ እታለም። ደክሞኛል።»

ካርዱ ላይ ግን ጠዋት የመታሁት አለ። ታይታለች።

ዶርሟ አራተኛ ፎቅ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኟት።

ሆስፒታል ያያት ሐኪም ያለንን እስከ ዛሬ በየቀኑ እሰማዋለሁ። «ልቧ ነው። ማዳመጫ አንድ ጊዜ ደረቷ ላይ ቢያርፍ ይታወቅ ነበር።»

አንድ ጊዜ!

ከቀብሯ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ ገባሁ። ለምን ተመለስሽ አሉኝ። ከሱ ጋር ሥራ ስለነበረኝ ነዋ።

በዚያው ቀን ክፍሉ ጠራኝ። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ይሰበሰባል።»

«አውቃለሁ። የጠየቅሁት እኔ ነኝ።»

«ካርዱ ታይታለች ነው የሚለው።»

«አላዩዋትም።»

«ማኅተሙ የማን እጅ ነው?»

እጄን ኪሴ ከተትኩ።

«አየሽ... እኔ ከወደቅሁ አንቺም አብረሽኝ ነሽ።»

«እኔማ ወድቄያለሁ ዶክተር። ገና የቆሙት እርስዎ ነዎት።»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለግሁት። ሰው በተሰበሰበበት፣ በገዛ አፉ፣ «አላየኋትም» እንዲል። እንጀራዬ ቢቀር ይቅር፤ ብታሰርም ልታሰር። ይህን ቃል ከጉሮሮው ሳላወጣ እንቅልፍ የለኝም።

የእህቴን ካርድ ከመደርደሪያው አወጣሁት። የሟቾች ካርድ የሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት።

በማግስቱ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ በመስኮቴ ብቅ አሉ። ሁለት ሳምንት እረፍት ላይ ስለነበሩ የሆነውን አልሰሙም።

«ልጄ፣ ያቺ ልጅ ዛሬስ ትግባ እንጂ፤ ታሳዝናለች።»

«የቷ ልጅ እትዬ?»

«ደረቷን ይዛ የምትቀመጠዋ። ውሃ ልስጥሽ አልኳት፤ ተቀበለችኝ። ጠጣችም።»

«እና?»

እትዬ የያዙትን ብርጭቆ አዩት።

«እኔ እንጃ... ስትጠጣ አይቻለሁ። ብርጭቆው ግን ይኸው፣ ሙሉ ነው።»

ወጥቼ ኮሪደሩን አየሁ። አምስት ወንበሮች። አምስቱም ባዶ።

እህቴ ትቀመጥበት የነበረውን አራተኛውን በእጄ ነካሁት።

ይሞቃል።

ወደ ካርድ ክፍል ተመለስኩ። ለዕለቱ ያዘጋጀኋቸው ካርዶች ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረዋል። ከላይ ያለው የእህቴ ነው።

ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። መሳቢያው እንደተቆለፈ ነው።

ከአራቱ ማኅተሞች ሥር አምስተኛ ማኅተም አለ። ታይታለች። ቀኑ የዛሬ ነው። በአውራ ጣቴ ነካ አደረግሁት... ቀለሙ አልደረቀም።

በዚያው ቅጽበት ከሱ ክፍል ድምፅ መጣ።

«ቀጣይ!»

የሱ በር ተከፈተ። ኮሪደሩ ላይ ማንም አልተንቀሳቀሰም። በሩ ግን ሥርዓት ያላት ልጅ እንደምትዘጋው ቀስ ብሎ ተዘጋ።

የሱና የእኔ ክፍል በስስ ግድግዳ ነው የሚለየው። ጆሮዬን ለጠፍኩ።

«ፈተና ደርሷል አይደል? ጭንቀት...» ብሎ ጀመረ።

ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።



ከዚያ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ በቀስታ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያፍንሽ?» አለ።

በሁለተኛው ቀን ሃያ ደቂቃ ቆየች። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰዓት። ወረፋ የሚጠብቁ ተማሪዎች አጉረመረሙ።

«ማናት ገብታ የቀረችው?»

«ዘመዱ ናታ!»

«እኛን በሁለት ደቂቃ እያባረረ? ጉድ ነው መቼም!»

በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። «ተንፍሺ... ያዢው... ተንፍሺ። እንደገና። እንደገና።» የሷን መልስ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንደሰካ ኮሪደሩ ላይ ወጣ። ሸሚዙ በላብ ርሷል።

«ሲስተር...»

«አቤት ዶክተር።»

«ይህ ማዳመጫ ይሠራል?»

ሲስተር ቀልደኛ ናት፤ ሬሳ ታስቃለች። ልትቀልድ አፏን ከፈተች፣ ፊቱን ስታይ ዘጋችው። ማዳመጫውን ወስዳ የራሷን ደረት አዳመጠች።

«ይሠራል ዶክተር።»

«ታዲያ የሷ ለምን አይሰማኝም?»

«የማን?»

ወደ ክፍሉ ዞሮ አየ። ተመልሶ ገባና በሩን ዘጋ።

አሁን ልብ ብላችሁ አንብቡ። እስከዚህ ድረስ ካርዱን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ማኅተሙንም የመታሁት እኔ አይደለሁም።

ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ግን እኔ ነኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ካርዱ ጠረጴዛዬ ላይ አልነበረም። አልመጣችም ማለት ነው። በቃት ማለት ነው... ወይም ይቅር አለችው። እኔ ግን አልበቃኝም! ይቅርታ ሊሰብከኝ የሚፈልግ ከዚህ ይመለስ።

መሳቢያውን ከፈትኩ። ካርዷን አወጣሁ። ቀኑን አስተካከልኩ። «ታይታለች» ብዬ መታሁ፤ ሁለት እጄን ተጭኜ።

«ቀጣይ» አልኩ በሹክሹክታ።

የሱ በር ተከፈተ።

በየቀኑ እንዲህ አደረግሁ። አንዳንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ትንፋሽ እሰማለሁ፤ ቀጭን፣ የሚያፏጭ። ለእኔ ግን አንድም ቀን ታይታኝ አታውቅም። እትዬ ያዩዋታል። ሲስተርም አይታታለች። እኔ ያዘልኳት... ጥላዋን እንኳ አላየሁም። ይህ ይቆጨኝ ነበር። ያናድደኝም ነበር። ንዴቴን ማኅተሙ ላይ እወጣበት ነበር።

የኮሚቴው ስብሰባ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ሲስተር ካርድ ክፍል ገባች። በሩን በጀርባዋ ደግፋ ዘጋችው።

«ተይው» አለች በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«አይቼሻለሁ። ካርዱን የምታወጪው አንቺ ነሽ።»

«ሥራዬ ነው።»

«እኔም በድያታለሁ... ግፊቷን ሳልለካ ነበር የምጽፈው። ነገ እናገራለሁ፣ ይቅጡኝ። ግን ይህን ተይው። ሰውየው አይበላም። አይተኛም።»

«ጭንቀት ነው፤ ውሃ ይጠጣ።»

ሲስተር በረጅሙ አየችኝ።

«ትናንት አናግሬያታለሁ» አለች።

እጄ ማኅተሙ ላይ ደረቀ።

«ምን አለች?»

«ልሂድ ትላለች። ግን ካርዷ በወጣ ቁጥር መምጣት አለባት።»

ይህን ስሰማ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ቀኑን አስተካክዬ መታሁ።

አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረው አልኩ። አንድ ቀን ትታገሠኝ።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። የማዕከሉ የስብሰባ ክፍል።

ሰብሳቢዋ በዕድሜ የገፉ መምህርት ናቸው፤ ቀልድ የማያውቁ። ሁለት አባላት ከጎናቸው። አንድ ቃለ ጉባኤ ያዥ። ሲስተር። እሱ። እኔ ለብቻዬ፣ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከኋላዬ ነጭ ግድግዳ ብቻ።

እሱ ከስቷል። ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ነገር ግን ተለውጧል... አሁን ሰው ሲያይ ዓይኑን አይነቅልም። የእያንዳንዳችንን ፊት እየዞረ ያያል፤ አንድ ሰው እንዳያመልጠው የሚፈራ ይመስላል።

ሰብሳቢዋ ካርዱን ገለጡ። ማኅተሞቹን በጣታቸው ቆጠሩ።

«ይህ የመጨረሻው የዛሬ ቀን ነው።»

«አዎ» አልኩ።

«ልጅቷ ካረፈች ወር ሊሆናት አይደለም? ማነው የመታው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ስላልታየች።»

አንደኛው አባል ጉሮሮውን ጠረገ። ሰብሳቢዋ ወደ እሱ ዞሩ።

«ዶክተር፣ ይህችን ተማሪ አይተዋታል?»

«የትኛውን ቀን?»

«ከመሞቷ በፊት ነዋ!»

ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። ከንፈሩ ደርቋል።

«ከመሞቷ በፊት... አላየኋትም።»

ቃለ ጉባኤ ያዡ ጻፈው።

«ካርዷን ነው ያየሁት። አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላየሁም። ማዳመጫ አላሳረፍኩባትም። አስቀድመው እንዲመቱ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን የገደልኳት...» አልጨረሰውም።

እነሆ፣ ተናገረ። ያዘንኩለት እንዳይመስላችሁ። ደስ አለኝ። ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ ደስ አለኝ። ማልቀስ የጀመረው እሱ ነው፤ እኔ እንባውን ቆጠርኩ።

«በቃ» አሉ ሰብሳቢዋ። ድምፃቸው ከብዶ ነበር። «ቃሉ ተመዝግቧል። እንግዲህ ማስረጃውን ማየታችንን እንፈርም። ተከሳሹም ምስክሯም ይፈርሙ። አመልካቿ አይመለከታትም።»

አመልካቿ እኔ ነኝ።

ወረቀቱ ዞረ። ሰብሳቢዋ «አይቻለሁ» ብለው ጽፈው ፈረሙ። አባላቱ «አይቻለሁ» ብለው ፈረሙ። ሲስተር ፈረመች። እሱ ፈረመ። ቃለ ጉባኤ ያዡ በመጨረሻ ጻፈ፣ ፈረመ፣ እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ ሊመልስ አለ...

አልመለሰም። እስክሪብቶው ከእጁ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ማንም አላነሣውም።

«አይቻለሁ» ብለው የፈረሙት ስድስቱም እያዩኝ ነው።

ቆይ... እኔን አይደለም። ትንሽ ከፍ ብለው ነው የሚያዩት። ከራሴ በላይ።

ሲስተር አፏን በመዳፏ ሸፈነች። እሱ ማልቀሱን አቆመ፤ ፊቱ ላይ ወሩን ሙሉ አይቼው የማላውቀው እፎይታ አየሁ። ሸክሙን ሌላ ሰው የተቀበለው ሰው ፊት ነበር።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። ሁለት እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። መስኮት ጫፍ ላይ የቆመ ሕፃን እንዳይደነግጥ በሚያባብሉበት ድምፅ ተናገሩ።

«ነይ ልጄ... ቀስ ብለሽ ውረጂ።»

እኔን መስሎኝ ብድግ ልል ስል ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«አንቺ አትንቀሳቀሺ» አሉኝ በሹክሹክታ። «አንቺን አይደለም። እግሯ ትከሻሽ ላይ ነው።»